«ጉበቴ 52 ወጣ»

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ከአዳማ

የተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣ ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ጉበት ምርመራ የወጣውን ጽሑፍ አንብበነዋል። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደግ ነው። ነገር ግን «የጉበት ኢንዛይም ኖርማል ከሆነ ጉበት ጤነኛ ነው፤ ከፍ ካለ ጉበት ታሟል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም። የመጀመሪያዋም ግማሽ ሁለተኛዋም ግማሽ ልክ አይደለችም። እኛ አዳማ ውስጥ በሕክምና ላቦራቶሪ የክሊኒካል ኬሚስትሪ ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ከውጤት መስኮቱ ወረቀት ተቀብሎ «ጉበቴ 52 ወጣ» ብሎ የሚደነግጠውም፣ «ጉበቴ 22 ነው፣ ነፃ ነኝ» ብሎ ደስ ብሎት የሚሄደውም ያችኑ ዓረፍተ ነገር ይዞ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ፣ የት ላይ እንደሚበላሽና እንዴት እንደሚነበብ መጻፍ ወደድን። ረዘም ቢል ይቅርታችሁን እንጠይቃለን።

የጉበት ሴሎች ለራሳቸው ሥራ የሚጠቀሙባቸው ኢንዛይሞች አሏቸው። ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ የሚባሉት ሁለቱ የአሚኖ አሲድን ናይትሮጅን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውሩ ናቸው። ቦታቸው ሴሉ ውስጥ ነው፤ ደም ውስጥ የሚሠሩት ሥራ የለም። ሴል በወጉ አርጅቶ ሲሞት ጥቂት ስለሚወጣ በጤነኛም ሰው ደም ውስጥ ትንሽ ይገኛሉ። ሴሎቹ በቫይረስ፣ በመድኃኒት፣ በአልኮል፣ በስብ ክምችት ወይም በደም እጥረት ሲጎዱ ደግሞ ወደ ደም ይፈሳሉ። የምንለካው ይህንን ፍሳሽ ነው፤ 52ም 22ም የተባሉት የኤኤልቲ ልክ ናቸው። ከጠላ ጋን ሥር መሬቱ ረጥቦ ያገኘ ሰው ጋኑ እንደሚያፈስ ያውቃል፤ ውስጡ ስንት ጠላ እንደቀረ ግን እርጥበቱ አይነግረውም። ባዶ ጋን ደግሞ ቢሰነጠቅም አያፈስም። ጉበቱ ጠባሳ ሆኖ ያለቀ፣ ማለትም ሲሮሲስ የያዘው ሰው ኤኤልቲው 25፣ ማለትም ኖርማል፣ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለዚህም ነው ሐኪሞች «ኤልኤፍቲ» ብለው የሚያዙት፣ በአማርኛ «የጉበት ሥራ ምርመራ» የምንለው ስም ከመነሻው የሚያሳስተው። ኢንዛይሞቹ የጉበትን ሥራ አይለኩም። ሥራውን የሚያሳዩት ሌሎች ናቸው፤ ጉበት የሚሠራው አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን፣ የደም መርጋት ጊዜ (ፒቲ ወይም አይኤንአር)፣ እንዲሁም ጉበት አጣርቶ ወደ ሐሞት የሚያስወጣው ቢሊሩቢን። አልቡሚን በደም ውስጥ ግማሽ ዕድሜው 20 ቀን ገደማ ስለሆነ ጉበት ዛሬ ሥራ ቢያቆም ነገ አይወርድም። አይኤንአር ግን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ይለወጣል። በድንገተኛ ሕመም ከኤኤልቲ ይልቅ አይኤንአርን በዓይነ ቁራኛ መከታተል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ኤኤልቲው ከ3000 ወደ 400 እየወረደ፣ በዚያው ጊዜ ቢሊሩቢኑና አይኤንአሩ እየወጣ ያለ ሰው እየዳነ አይደለም። የሚፈስ ሴል እያለቀበት ነው።

ስለ ስም ካነሳን አንድ ነገር እንጨምር። ኤስጂፒቲ እና ኤኤልቲ አንድ ናቸው፤ ኤስጂኦቲ እና ኤኤስቲም እንዲሁ። የድሮና የአሁን ስም ነው ልዩነቱ። በአንድ ማዘዣ ላይ ሁለቱም ተጽፈው የሁለት ምርመራ ዋጋ የሚከፍል ሰው አለ። ገንዘቡን ጂጂቲ ለተባለው ሌላ የጉበትና የሐሞት መንገድ ኢንዛይም ወይም ለፕላትሌት (ደም የሚያረጉ ሴሎች) ቆጠራ ቢያውለው ብዙ ይጠቅመው ነበር።

አሁን ወደ ላቦራቶሪው እንግባ። ኤኤልቲን በቀጥታ ማየት አይቻልም፤ የሚሠራውን ሥራ ፍጥነት ነው የምንለካው። በሪኤጀንቱ፣ ማለትም ለምርመራው በተዘጋጀው የኬሚካል ፈሳሽ ውስጥ፣ አላኒን እና አልፋ ኪቶግሉታሬት አለ። የታካሚው ኤኤልቲ ሁለቱን አገናኝቶ ፓይሩቬት ይሠራል። ሪኤጀንቱ ውስጥ አብሮ ያለው ኤልዲኤች የተባለ ኢንዛይም ፓይሩቬቱን ወዲያው ወደ ላክቴት ይለውጠዋል፤ ሲለውጥ ኤንኤዲኤች የተባለውን ንጥረ ነገር ይፈጃል። ኤንኤዲኤች 340 ናኖሜትር ላይ ብርሃን ይመጥጣል፤ ሲፈጅ መምጠጡ ይቀንሳል። የሚቀንስበት ፍጥነት የኤኤልቲው ልክ ነው። ኤኤስቲም በዚሁ መንገድ ይለካል፤ አላኒኑ በአስፓርቴት፣ ኤልዲኤቹ በማሌት ዲሃይድሮጂኔዝ ይተካል። ከሐሞት መንገድ የሚመጣው አልካላይን ፎስፋቴዝ የተባለ ኢንዛይም ግን ሌላ ነው፤ ቀለም የሌለውን ንጥረ ነገር ሰንጥቆ ቢጫ ያደርገዋልና 405 ናኖሜትር ላይ ቢጫው ሲደምቅ እናነባለን።

በከፊል አውቶማቲክ ፎቶሜትር የሚሠራ ላቦራቶሪ ውስጥ ሥራው ይህን ይመስላል። ሁለቱ ሪኤጀንቶች በአብዛኛው 4 እጅ ለ1 እጅ ይቀላቀላሉ። ከዚህ 1000 ማይክሮሊትር ወደ ቲዩብ ይገባል፤ 37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይጠበቃል። 100 ማይክሮሊትር ሴሩም (ደም ከረጋ በኋላ የሚለየው ፈሳሽ) ይጨመርበታል፣ ይደባለቃል፣ 1 ደቂቃ ይጠበቅና ይነበባል። ከዚያ በየደቂቃው ለ3 ደቂቃ ይነበባል። በደቂቃ የቀነሰው አማካይ መጠን በ1746 ሲባዛ ውጤቱ በዩኒት በሊትር ይወጣል። ንባቡ በደቂቃ 0.020 ከቀነሰ ኤኤልቲው 35 ገደማ ነው ማለት ነው። ልብ በሉ፤ የ0.005 ስህተት ብቻ 9 ዩኒት ያዛባል። ቆሻሻ ኩቬት (ፈሳሹ የሚነበብበት ትንሽ ብልቃጥ)፣ የአየር አረፋ ወይም ጫፉ ላይ ጠብታ የቀረበት ፒፔት «ጤነኛ»ን «በሽተኛ» ለማድረግ በቂ ነው። 35 እና 42 መካከል ያለውን ልዩነት ይዞ ከአንድ ላቦራቶሪ ወደ ሌላ መሮጥ ትርፉ ድካም የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ሙቀቱም ቀልድ አይደለም። በ25 ዲግሪ የተለካ ኤኤልቲ በ37 ዲግሪ ከሚለካው ግማሽ ገደማ ነው የሚሆነው። አዳማ ላይ ከኮረብታው የንፋስ ተርባይኖቹ ሲዞሩ እየታየ መብራት መጥፋቱ የተለመደ ነው። በንባብ መካከል መብራት ሄዶ የመጣበት ማሽን ኩቬቱን ወደ 37 ሳይመልስ የሚያነበው ቁጥር ይወርዳል። ዩፒኤስ ማሽኑን ሊያስቀጥለው ይችላል፤ ፍሪጁን ግን አብዛኛውን ጊዜ አይይዘውም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ያለበት ሪኤጀንት በሞቀ ቁጥር ውስጡ ያለው ኤንኤዲኤች ይበላሻል። መፈተሻው ቀላል ነው። የተቀላቀለው ሪኤጀንት በውሃ ዜሮ ተደርጎ 340 ላይ ሲነበብ ከ1.0 በታች ከሆነ ይደፋል። ጠዋት ጠዋት ኖርማልና ከፍተኛ ኮንትሮል (ልኩ አስቀድሞ የታወቀ መፈተሻ ናሙና) ሳይሠራ የወጣ ውጤት ውጤት አይባልም። ኮንትሮሉ ከአማካዩ ከ3 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በላይ ከወጣ የታካሚ ወረቀት መቆም አለበት፤ ወረፋው የቱንም ያህል ቢረዝም።

ከሁሉም ስህተት ግን እጅግ የሚያስፈራው ድምፅ የሌለው ነው። ዓይኑ እንደ እርድ ቢጫ የሆነ፣ የሚያስመልሰው፣ ሽንቱ ኮካኮላ የመሰለ ሰው ደም ሰጥቶ ኤኤልቲው «11» ሊወጣ ይችላል። እንዴት? የዚህ ሰው እውነተኛ ኤኤልቲ 3000 ነው እንበል። 3000ን ለ1746 ስናካፍል ንባቡ በደቂቃ 1.7 መቀነስ ነበረበት። ሪኤጀንቱ ግን ሲነሳ የነበረው ጠቅላላ ንባብ ከ1.1 ብዙ አይርቅም። ስለዚህ ያለው ኤንኤዲኤች በሙሉ ማሽኑ ማንበብ ሳይጀምር፣ በዚያች በመጀመሪያዋ የመጠበቂያ ደቂቃ ውስጥ ተበልቶ ያልቃል። ማሽኑ ከ1 ደቂቃ በኋላ ዓይኑን ሲከፍት የሚቀንስ ነገር አያገኝም፤ «ኤኤልቲ የለም» ብሎ ዝቅተኛ ቁጥር ይጽፋል። ማሽኑ አልዋሸም፤ የጠየቅነው ጥያቄ አልፎበታል። ዘመናዊ አውቶማቲክ ማሽኖች ይህን ሲያዩ ምልክት ያደርጋሉ፤ ምልክቱን የሚያነብ ሰው ካለ። በከፊል አውቶማቲክ ላይ ግን መጠበቂያው ባለሙያው ራሱ ነው። የመጀመሪያው ንባብ ያለወትሮው ዝቅ ብሎ ከተገኘ፣ ወይም በደቂቃ የሚቀንሰው ከ0.16 ካለፈ፣ ሴሩሙ 1 እጅ ለ9 እጅ በ0.9 በመቶ ሳላይን ይቀጠንና እንደገና ይሠራል፤ ውጤቱ በ10 ይባዛል። አንዳንዴ አንድ ማቅጠንም አይበቃም። ሐኪሙም ወረቀቱና የታካሚው ዓይን ሲጣሉበት ዓይኑን ይመን፤ ላቦራቶሪው አቅጥኖ እንዲደግም ይጠይቅ።

ማሽኑ ጋ ሳይደርስ በፊት የሚበላሸው ደግሞ ከዚህም ይበዛል። የክንድ ማሰሪያው ከ1 ደቂቃ በላይ ከቆየ ደሙ ይወፍርና ፕሮቲኑም ኢንዛይሙም ያለ አግባብ ከፍ ይላል። በቀጭን መርፌ በኃይል የተሳበ፣ ወይም ከሲሪንጁ መርፌው ሳይነቀል ወደ ቲዩብ በግድ የተገፋ ደም ቀይ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ኤኤስቲ ከሴሩሙ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ኤኤልቲ ግን እንዲያ አይደለም። ስለዚህ ሴሩሙ ገለባማ ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ሮዝ ከሆነ፣ ኤኤስቲ ብቻውን ከፍ ማለቱ ስለ ጉበት ሳይሆን ስለ ደም አቀዳዱ ነው የሚነግረን። ኤልዲኤችና ፖታሲየምም አብረው ይወጣሉ። እንዲህ ያለ ናሙና ይጣልና ደም እንደገና ይወሰዳል። «ትንሽ ሮዝ ናት፣ ትሂድ» ማለት ለታካሚው ደግ መስሎ ክፉ መሥራት ነው።

ቲዩቡ ቀይ ክዳን ወይም ጄል ያለው ቢጫ ክዳን ይሁን፤ ሊቲየም ሄፓሪን ያለው አረንጓዴም ይሆናል። ለደም ቆጠራ የተቀዳውን ወይን ጠጅ ክዳን ቲዩብ ለጉበትም መጠቀም አይቻልም። ውስጡ ያለው ኢዲቲኤ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚሠራበትን ዚንክና ማግኒዚየም ይነጥቀዋልና ውጤቱ ወደ ታች ይንኮታኮታል። እንግዳ በሆነ መልኩ ዝቅ ያለ አልካላይን ፎስፋቴዝ ያየ ሐኪም በመጀመሪያ ሊጠረጥር የሚገባው ቲዩቡን ነው። ቀይ ክዳን ላይ ከ3 እስከ 5 ሚሊሊትር ደም ይበቃል። 30 ደቂቃ ያህል ቆሞ ይርጋ፣ ከዚያ በሴንትሪፊውጅ ለ10 ደቂቃ ይሽከርከር፣ ከተቀዳ በ2 ሰዓት ውስጥ ሴሩሙ ከደሙ ይለይ። ከወንጂ፣ ከሞጆ ወይም ከወለንጪቲ ወደ አዳማ ናሙና የሚልክ ጤና ተቋም ሙሉ ደሙን በባጃጅ እያንገጫገጨ ከሚልክ ሴሩሙን እዚያው ለይቶ በቀዝቃዛ ሳጥን ቢልክ ግማሹ ችግር ይቀረፋል። እንዳይበላሽ ብሎ ሙሉ ደም ፍሪዘር ውስጥ መክተት ደግሞ የባሰ ነው፤ ቀይ ሴሎቹ በረዶ ሲሆኑ ይፈነዳሉ። የተለየው ሴሩም ፍሪጅ ውስጥ ለጥቂት ቀን ይቆያል፤ ፍሪዘር ውስጥ ከገባ ግን ኤኤልቲው ይዳከማል። ቢሊሩቢን የሚለካበት ናሙና መስኮት ዳር ፀሐይ ላይ አይቀመጥም፤ ብርሃን ይፈጨዋል።

ታካሚው ማወቅ ያለበት አጭር ነው። ለኢንዛይሞቹ ሲባል ጾሞ መምጣት የግድ አይደለም፤ ሆኖም ቅባት የበዛበት ክትፎ ተበልቶ የተቀዳ ደም ሴሩሙ እንደ ወተት ስለሚነጣ ንባቡን ይረብሻል፣ የደም ዓይነታቸው ኦ ወይም ቢ የሆኑ ሰዎችም ከምግብ በኋላ ከአንጀት የሚወጣ አልካላይን ፎስፋቴዝ ይጨምርባቸዋል። ጠዋት በባዶ ሆድ መምጣት ይህን ሁሉ ይገላግላል። ብርቱ ሩጫ ወይም የሸክም ሥራ ጡንቻን ስለሚጎዳ ኤኤስቲንም ኤኤልቲንም እስከ ሳምንት ድረስ ከፍ አድርጎ ሊያቆይ ይችላል። የታፋ መርፌም ጥቂት ይጨምራል። ኤኤስቲ እኮ እ.ኤ.አ. በ1954 ለመጀመሪያ ጊዜ ለምርመራ ሲቀርብ የተፈለገው ለጉበት ሳይሆን የልብ ጡንቻ መሞቱን ለማወቅ ነበር። ጥርጣሬ ካለ ሲኬ የተባለው የጡንቻ ኢንዛይም አብሮ ይለካ፤ እሱ ከፍ ብሎ ከተገኘ ምንጩ ከጉበት ይልቅ ጡንቻ ሊሆን ይችላል።

ወደ ንባቡ ስንመጣ የመጀመሪያው ሥራ ቁጥሩን ብቻውን አለማንበብ ነው። ውጤቱን ለዚያ ላቦራቶሪ የላይኛ ወሰን አካፍሉት። ወሰኑ 40 ሆኖ ኤኤልቲው 400 ከሆነ 10 እጥፍ ነው። ከዚያ አልካላይን ፎስፋቴዝንም እንዲሁ አካፍሉና የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ጉዳቱ የጉበት ሴሉ ላይ ነው፤ 2 እና ከዚያ በታች ከሆነ ችግሩ የሐሞት ፍሰት ላይ ነው፣ መንገዱን የዘጋ ሐሞት ጠጠር ወይም ዕጢ ይፈለግ፤ በመካከል ያለው ቅልቅል ነው። አልካላይን ፎስፋቴዝ ከአጥንትና ከእንግዴ ልጅም ስለሚመጣ በሚያድግ ልጅና በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራት ከአዋቂው ወሰን ሁለት ሦስት እጥፍ ቢሆን አያስደነግጥም። ጂጂቲ አብሮ ከወጣ ምንጩ ጉበት ወይም ሐሞት ነው ማለት ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ኤኤልቲና ኤኤስቲ ከፍ ማለት ግን ፈጽሞ የተለመደ አይደለም። ከደም ግፊትና ከፕላትሌት መውረድ ጋር ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ነው።

ከ1000 በላይ የሆነ ኤኤልቲ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው፤ ድንገተኛ የቫይረስ ሄፓታይተስ፣ የመድኃኒት መመረዝ ወይም የጉበት የደም ዝውውር መቋረጥ። አረቄና ቢራ ብቻውን ወደዚያ አያደርስም። በአልኮል የተጎዳ ጉበት ኤኤስቲው የኤኤልቲው ሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል እንጂ ከ300 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ «ይጠጣል፣ ኤኤስቲው 1800 ነው» ብሎ ምርመራውን መዝጋት ሌላ በሽታ ማለፍ ነው። በወባ ወቅት ደግሞ ዓይኑ ቢጫ የሆነን ሁሉ የወፍ በሽታ ማለት አያስኬድም። ወባ ቀይ የደም ሴሎችን ሲያፈርስ ቀጥተኛ ያልሆነው (ጉበት ገና ያላጣራው) ቢሊሩቢንና ኤልዲኤች ይወጣሉ፣ ኤኤስቲ ጥቂት ይከተላል፣ ኤኤልቲ ብዙም አይነቃነቅም።

ጊዜውም ይነበባል። ኤኤስቲ በደም ውስጥ ግማሽ ዕድሜው 17 ሰዓት፣ ኤኤልቲ 47 ሰዓት ገደማ ነው። ጉዳቱ ሲቆም ኤኤስቲ ቀድሞ ይወርዳል። በጥቂቱ ከፍ ያለ ኤኤልቲን በማግሥቱ መድገም ገንዘብ መጨረስ ነው፤ መጠጡንና አጠራጣሪውን መድኃኒት ሐኪም አማክሮ አቁሞ ከ2 እስከ 4 ሳምንት መጠበቅ ይሻላል። ያው ሰው ላይ ከአንድ ሦስተኛ በታች የሆነ መውጣትና መውረድ የተፈጥሮ መዋዠቅ ሊሆን ይችላልና «ከ48 ወደ 41 ወረደልኝ» የሚል ደስታ ጊዜው አልደረሰም። በተቃራኒው ፓራሲታሞል በብዛት የዋጠ ሰው በመጀመሪያው ቀን ኤኤልቲው ኖርማል መሆኑ ምንም ማረጋገጫ አይደለም። ከፍታው የሚጀምረው ከ24 ሰዓት በኋላ፣ ጫፍ የሚደርሰውም በ72 ሰዓት ገደማ ነው። ማርከሻው መድኃኒት አሴቲልሲስቴይን ደግሞ እጅግ የሚጠቅመው በ8 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ነው። እዚህ ላይ ወረቀት መጠበቅ ሰው ያስገድላል።

የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ሌላ ስሌት አላቸው። አይሶኒያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፓይራዚናማይድ ሦስቱም ጉበትን ሊነኩ ይችላሉ፤ ግን መጠነኛ መጨመር በራሱ ጊዜ የሚወርድ ነው። መድኃኒቱ የሚቋረጠው ኤኤልቲው ከወሰኑ 5 እጥፍ ሲያልፍ፣ ወይም 3 እጥፍ አልፎ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ሕመም ወይም ቢጫነት ሲኖር ነው። በ60 እና በ70 ደንግጦ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ ሊያመጣ ይችላል።

የሄፓታይተስ ቢ ነገር ለብቻው ይነገር። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ፣ በኢትዮጵያ የተካሄዱ ጥናቶችን ያጣመረ ትንተና በአገራችን 7.4 በመቶ ያህል ሰው ቫይረሱን እንደሚሸከም ገምቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ኢንዛይማቸው ለዓመታት ኖርማል ነው። ስለዚህ ቫይረሱ መኖሩን የሚለየው ኤኤልቲ ሳይሆን ኤችቢኤስ አንቲጅን የተባለው ምርመራ ነው፤ «ጉበቴ 22 ነው፣ ነፃ ነኝ» ያለው ሰው ይህን አልተመረመረም ይሆናል። ቫይረሱ ያለበት ሰው ደግሞ ኤኤልቲውን ከወረቀቱ ግርጌ ካለው «እስከ 40» ጋር ማስተያየት አይገባውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ የላይኛውን ወሰን ለወንድ 30፣ ለሴት 19 አድርጎታል። የቫይረሱን መጠን መለካት በማይቻልበት ቦታም በተደጋጋሚ ከዚህ በላይ የሆነ ኤኤልቲ ብቻውን ሕክምና ሊያስጀምር እንደሚችል ይገልጻል። 28 የወጣላት ቫይረሱ ያለባት ሴት ወረቀቱ ላይ ከወሰን ማለፍን የሚያሳይ ኮከብ ስለሌላት ብቻ ለዓመት ያህል ወደ ቤቷ ትላካለች። ይህ ሊታረም የሚገባው ነው።

ውድ ማሽን በሌለበት ጠባሳውን ለመገመት የሚረዳ ስሌትም አለ፤ ኤፕሪ ይባላል። ኤኤስቲውን ለላይኛ ወሰኑ አካፍሎ በ100 ማባዛት፣ ከዚያ በሺህ ተቆጥሮ ለተጻፈው ፕላትሌት ማካፈል ነው። ኤኤስቲ 80፣ ወሰን 40፣ ፕላትሌት 100 ሺህ ከሆነ ውጤቱ 2 ነው። በ2024ቱ መመሪያ ከ0.5 በላይ ጉልህ ጠባሳን፣ ከ1 በላይ ሲሮሲስን ያመለክታል። ሁለቱም ምርመራዎች ብዙ ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ይሠራሉ፤ የሚጎድለው የአንድ መስመር ሒሳብ ነው። እርግጥ ሮዝ ሴሩም ኤኤስቲውን ካሳበጠው፣ ወይም ፕላትሌቱ በወባ ምክንያት ከወረደ ስሌቱም አብሮ ይሳሳታል።

«ጉበት ያጸዳል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠውን ነገር ሳናነሳ ብናልፍ ጽሑፉ ይጎድላል። 52 የወጣለት ሰው ከመስኮቱ ሲመለስ የሚሄደው ወደዚያ ነውና። ኤኤልቲው በሚቀጥለው ወር 38 ቢሆን ምስጋናው ለጠርሙሱ ይሰጣል፤ ቁጥሩ በራሱ ሊዋዥቅ እንደሚችል ግን ከላይ ብለናል። ከቅጠልና ከሥር የመጣ ነገር ጉዳት የለውም የሚባለውም ልክ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ መንደሮች ሆድ እያሳበጠ ሲገድል የነበረው የጉበት በሽታ መነሻው ከእህል ጋር የተቀላቀለ የአረም መርዝ ሆኖ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ ሐረር ላይ የተደረገ ጥናትም ጫት መቃም ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ታካሚ ለሐኪሙ «ምንም መድኃኒት አልወስድም» ሲል ጫቱን፣ ዱቄቱንና የባህል መድኃኒቱን አይቆጥራቸውም። ሐኪሙ በስማቸው ጠርቶ ይጠይቅ።

ላቦራቶሪዎች ውጤት ሲሰጡ ወረቀቱ ላይ የራሳቸውን የላይኛ ወሰን፣ የተለካበትን ሙቀት፣ ናሙናው የተቀዳበትንና የተለካበትን ሰዓት፣ ሴሩሙ ሮዝ ወይም ወተት የመሰለ ከነበረም ያንኑ ይጻፉ። የማቅጠን ሥራ ከተሠራ ይጠቀስ። ለዚህ አዲስ ማሽን አያስፈልግም፤ እስክሪብቶ ይበቃል። ታካሚዎች ደግሞ ወረቀቱን አይጣሉት፤ የቀድሞውን ከአዲሱ ጋር ይዘው ይምጡ፤ ከተቻለም በዚያው ላቦራቶሪ ይመርመሩ። ዓይን ቢጫ ከሆነና ከዚያ ጋር መዘባረቅ፣ እንቅልፍ መብዛት ወይም የድድ መድማት ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እናንተም ያቺን ዓረፍተ ነገር በሚቀጥለው እትም፣ በዚያው ዓምድ፣ በዚያው የፊደል መጠን እንድታርሙልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር
በአዳማ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያዎች